ጠጠርና አራቱ ስሞቿ

አንድ ጊዜ፣ ቆላ ውስጥ፣ የአንድ አገር አራዊት ሁሉ ከአንዲት ምንጭ ይጠጡ ነበር። ከበታቿ ትልቅ ወንዝ አለ፤ ግን ወንዙ የአዞ ነው፣ አፉን ሊያረጥብ ወርዶ የተመለሰ የለም። ስለዚህ የሁሉም ሕይወት በዚያች ምንጭ ነበር። በምንጯ ዙሪያ ማንም ማንን እንዳይበላ የጥንት ስምምነት ስላለ፣ እመት አህዪት እንኳ ከአያ ጅቦ አጠገብ ቆማ ትጠጣለች። ዓይኗን ከእሱ አታነሣም እንጂ ትጠጣለች።

የምንጯ ገንዳ ጠባብ በመሆኑ ተራ ግድ ነው። ተራውን የምትጠብቀው እማማ ኤሊ ነበረች። እያንዳንዱ ጠዋት ሲመጣ የገዛ ጠጠሩን በአፉ ይዞ መጥቶ ከፊቷ በሰልፍ ያስቀምጣል። የጃርት ጠጠር ሾጣጣ ነው። የሚዳቋ ቀይ ነቁጥ አለው። የእመት አህዪት እንደ ራሷ አመድማ ነው። ጠጠሩ ፊት የደረሰለት ይጠጣና ጠጠሩን አንሥቶ ወደ ቤቱ። ግፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ከዓመታት በኋላ የእማማ ኤሊ ዓይን ደከመ። አንድ ጠዋት ቀንድ አውጣ በሰልፉ ላይ ሲያልፍ ጠጠር መስሏት ተራ ሰጠችው። ከርከሮ ያን ዕለት ከአንድ ቀንድ አውጣ ኋላ ቆሞ አረፈደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ወሬው ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል።

ያን ጊዜ ነው ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ዛፍ ላይ የምትኖረው እመት ጦጢት ኮምፒውተር ሠርታ ያመጣችላቸው። እጇ ለብልሃት የተፈጠረ ነው። ኮምፒውተሯ በገንዳው ራስጌ ተቀመጠች። ጠዋት መጥተህ ስምህን ትነግራታለህ፤ ተራህ ሲደርስ በስምህ ትጠራሃለች፤ የገንዳውን መዝጊያ ከፍታልህ ስትጠግብ ትዘጋዋለች።

«ስሟን እናንተ አውጡላት» አለች ጦጢት።

እማማ ኤሊ ራሷን ከልብሷ አወጣችና «ጠጠር በሏት» አለች።

ጦጢትም የኮምፒውተሯን መለዋወጫ በአንድ ቅል ውስጥ ከታ፣ በቅሉ ሆድ ላይ «ጠጠር» ብላ ቀርጻ፣ በሐረጓ ተንጠልጥላ ወንዙን ተሻግራ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ጠጠር ሆነ። «ጠጠር ዛሬ ከማን ቀጥላ ጠራችሽ?» «ጠጠር ጋ አድርሰሽ ነይ።» ሚዳቋ ልጆቿን ስትቆጣ እንኳ «ቆይ፣ ለጠጠር እነግርልሃለሁ» ትል ነበር። ስሟን የማያውቀው አንድ ንጉሥ አንበሳ ብቻ ነው። እሱ ተራ መቼ ይይዝና። ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ መዝጊያው በራሱ ይከፈትለታል፣ ጠጥቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቀበሮ እንምጣ። ቀበሮ ሥራ አልነበረውም፤ ሥራ የሌለው ቀበሮ ደግሞ ከንጉሥ ደጅ አይጠፋም። አንድ ቀን ጭራውን በእሾህ ሲያበጥር አርፍዶ፣ አንበሳ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ኮምፒውተርዎ የምትጠራበትን ስም ቢሰሙት ያፍሩበታል።»

«ማን ይሏታል?»

«ለጆሮዎ አይመጥንም፤ በኔ ይቅር። ከመሬት የተለቀመ ስም ነው። የጎረቤት አገር አራዊት ይስቁብናል።»

«እንግዲያው የሚመጥን ስም አውጣላት» አለ አንበሳ።

ስም ሲወጣ ድግስ አለ። ሙክት ታረደ፤ ሙክቱ ከየትኛው መንደር እንደ መጣ የጠየቀ የለም። ፍሪምባው ለስም አውጪው ለቀበሮ ተሰጠ። ሥጋ በሎቹ በሉ፣ ለሣር በሎቹ ጭብጨባው ደረሳቸው። ቀበሮ ሰሌዳ አቆመ፦ «ምንጭ ብርሃን»። ራሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹም ነኝ ብሎ «ክቡር ቀበሮ በሉኝ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዳቋ ከሰሌዳው ሥር ቆማ እመት አህዪትን «ጠጠር ጠራችሽ?» አለቻት።

«ገና ነኝ» አለች አህዪት።

ፍሪምባ ደግሞ አንዴ ከቀመሱት አይተውም። ወሩ ሳይሞላ ቀበሮ ሌላ ስም ይዞ መጣ፦ «የተቀናጀ ዘመናዊ የጠጪዎች ማስተናገጃ»። ሙክት፣ ፍሪምባ፣ ጭብጨባ። ስሙ ከሰሌዳው ስለረዘመ ጫፉን አጠገቡ ባለው ዛፍ ግንድ ላይ ጻፈው። ቀጥሎ «ስማርት ጉሮሮ» መጣ። አራተኛው «ንጋት ፕላስ» ነበር። ለዚህ ድግስ ሁለት ሙክት ታረደ።

«ፕላሱ ምንድን ነው?» አለ ከርከሮ።

«የተጨመረው ነው» አለ ቀበሮ አፉን እየጠራረገ።

«ምን ተጨመረ?»

«ንጋት ላይ ነዋ።»

ከርከሮ አሰበ አሰበና «ታድያ ጠጠር ያው ናት?» አለ።

አንበሳ ይህን አልሰማም፤ ቀበሮ ግን ሰማ፤ ፍሪምባው ጉሮሮው ላይ ቆመ። ለካ ያን ሁሉ ስም ሲያወጣ አንድም የሚጠራለት አልነበረም። ይህን ንጉሡ አንድ ቀን የሰማ እንደሆነስ? አምስተኛው ድግስ ቀረ ማለት ነው። ዕለቱኑ ሕግ ጻፈ። የድሮውን ስም የጠራ፣ መጀመሪያ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ሁለተኛ የጠራ የዚያን ቀን ውኃ ያጣል። ሦስተኛ የጠራ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ዳግመኛ አይጠራም፣ መዝጊያውም አይከፈትለትም። አንበሳ ቅልጥም እየጋጠ ስለነበር ሳያነበው መዳፉን አተመበት።

የሚያስከብረው ማን ይሁን ሲባል አያ ጅቦ ተሾመ። ደመወዙ፣ ለያዘው ለእያንዳንዱ ጥፋተኛ አንድ አጥንት። አያ ጅቦ ሕጉ ምን እንደሚል በደንብ አልገባውም፤ አጥንቱ ግን ቶሎ ገባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጋው ጠንቶ ነበር። እመት አህዪት ደግሞ ገና ወልዳ መነሣቷ ነው። ውርንጭላዋ አሥራ አምስት ቀኗ፣ እግሮቿ እንደ ሸምበቆ፣ ቆማ መሄድ አልጠናላትም። እናትየው ካልጠጣች ጡት የለም፤ ጡት ከሌለ ውርንጭላዋ የለችም። አህዪት ይህን ስለምታውቅ ጠዋት ጠዋት ልጇን ከጥላ ሥር አስተኝታ ወደ ምንጩ ትሮጣለች።

ሕጉ በወጣ በማግስቱ ገንዳው ራስጌ ደረሰችና ከልማዷ «ጠጠር፣ አህዪት ነኝ፤ ልጅ ጥዬ መጥቻለሁና ቶሎ ጥሪኝ» አለች።

«ያዝኩሽ» አለ አያ ጅቦ ከድንጋዩ ኋላ ብቅ ብሎ።

«ምን አደረግሁ አያ ጅቦ?»

«ጠራሻት።»

«ማንን?»

«እሷን ነዋ። እኔንም እንድጠራት አታስቺኝ። ወደ ጭራ።»

ያን ቀን ከሁሉ ኋላ ጠጥታ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ቤቷ ገባች። በማግስቱ ግን ቆርጣ ተነሣች። መንገዱን ሙሉ «ንጋት ፕላስ፣ ንጋት ፕላስ» እያለች በየርምጃዋ ስታጠና መጣች። ልክ ከምንጩ ዳር ስትደርስ ጎረቤቷ ሚዳቋ አገኘቻት።

«አህዪት፣ ከንፈርሽ ብቻውን የሚያወራው ምን ሆነሽ ነው?»

«ዝም በይ፣ እንዳታጠፊብኝ። ስሟን እያጠናሁ ነው።»

«የማንን ስም?»

«የጠጠርን ነዋ» አለች አህዪት።

ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። «ሁለት» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ያን ቀን ውኃ አላገኘችም። ውርንጭላዋ ጡቷን ብትስብ ብትስብ ጠብ የሚል ጠፋ፤ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እመት አህዪት ያን አስተያየት እስክትሞት አትረሳውም። «ከእንግዲህ አፌን እሰፋዋለሁ» አለች ለራሷ። «አንዴ ካመለጠኝ ልጄ አለቀች።»

በአፏ የተያዘች እሷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ሚዳቋ ልጆቿን ስትቆጣ ሁለቴ ተያዘች። ጃርት በእንቅልፍ ልቡ ተናገረ። ከርከሮ «ጠጠር ማለት ተከልክሏል አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጅብን ራሱን ጠየቀው፤ ሊያስረዳ ሲሞክርም ደገመው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተይዞ አለቀ። የአያ ጅቦ ቤት ፊት የአጥንት ክምር ሆነ። አራዊቱም ሰላምታ እንኳ ፈርተው ራስ በመነቅነቅ ብቻ ይግባቡ ጀመር። ተያይዘው ቢመጡ ቀብር የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯ ዝም አለች። ብትነካ የለች፣ ብትጠራ የለች። መዝጊያው እንደተዘጋ ቀረ። አንበሳ ራሱ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ደረቅ ገንዳ ልሶ ተመለሰ። ቀበሮ ሮጦ መጣ፤ ሰሌዳውን ወለወለ። ከዚያም «ንጋት ፕላስ» እያለ አባበላት፣ ተቆጣት። መዝጊያው ንቅንቅ አላለም።

«ጦጢት ትምጣ» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ተላከ። ቀበሮ ስሙን አሥር ጊዜ አስደገመው። መንገድ ላይ ግን አጥንት አገኘ፤ ቆሞ ቆረጠመውና ወንዙ ዳር ሲደርስ ጮኸ፦

«እመት ጦጢት፣ ፕላስ ተበላሽቷል።»

«ምን ፕላስ?» አለች ጦጢት ከማዶ፣ ከሾላው ላይ።

አያ ጅቦ ራሱን አከከ። «ፊተኛው ነበረኝ። መንገድ ላይ ከአጥንቱ ጋር ሳልውጠው አልቀረሁም።»

«እንግዲያው ሲወጣልህ ተመለስ» አለችው።

ከቀትር በኋላ ቀበሮ ራሱ ወረደ።

«እኔ ክቡር ቀበሮ ነኝ። ንጋት ፕላስ ቆማለችና ነይ አብጂ።»

«እንዲህ የሚባል ነገር አልሠራሁም።»

«የውኃ ተራ የምትጠራዋ።»

«የውኃ ተራ የምትጠራ ለሰባት ምንጭ ሠርቻለሁ» አለች ጦጢት፣ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠሉትን ሰባት ቅሎች እያሳየች። «ከውጭ ሲያዩዋቸው እኅትማማች ናቸው፣ ሆድ ዕቃቸው ግን ለየብቻ ነው። የሌላዋን ባስገባ ትቃጠላለች። ሐረጌም አርጅቷል፤ ከሥሩ ደግሞ አዞው አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። ያለ ስሟ ቅል መርጬ አልሻገርም። ያኔ ማን ብላችኋት ነበር?»

ቀበሮ ጭራው ሥር የገባ ነገር እንዳለ ሁሉ ተቁነጠነጠ። «ስሟ እኮ ተለውጧል።»

«የለወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ቅሉ ላይ ያለው ያው ነው።»

ስሙን ቀበሮ ያውቀዋል። በገዛ አፉ ሊያወጣው ግን ሞት ሞት አለው። ተመልሶ አንበሳን «እምቢ አለች፤ ንቀት ነው» አለው።

በሦስተኛው ቀን አንበሳ ምላሱ እንደ ቅርፊት ደርቆ ራሱ ወደ ወንዙ ወረደ። አገሩ ሁሉ ተከተለው። እመት አህዪት ውርንጭላዋን በጎኗ ደግፋ ከኋላ ኋላ መጣች፤ ውርንጭላዋ በየጥቂቱ እየቆመች ትንገዳገዳለች።

ጦጢት ለአንበሳም ያንኑ ደገመችለት። አንበሳ ዞረ።

«የድሮ ስሟን የሚያውቅ ማነው?»

ሚዳቋ ኮቴዋን ታያለች። ጃርት እሾሁን ይቆጥራል። ከርከሮ ያልነከሰውን ቁንጫ ያካል።

«አህዪት፣ አንቺ አታውቂም?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«በይ ተናገሪ።»

ስሙ አፏ ድረስ መጣ። እመት አህዪት ጥርሷን ገጠመችበት። ብትናገር ውኃው ይመጣል፤ ግን ለሁሉም መጥቶ ለእሷና ለልጇ ይዘጋል። ባትናገር ልጇ እስከ ነገ አትደርስም። አያ ጅቦ ደግሞ ጆሮውን ወደ አፏ ቀስሮ አጠገቧ ቆሟል። ድምፅዋ ግን ወጣ።

«ጌታዬ፣ ስሟን መጥራት ተከልክሏል። እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ ሦስተኛ ብጠራ ከመዝገብ እፋቃለሁ። እርስዎ ይጠጣሉ፣ ልጄ አትጠጣም። ሕጉ ላይ ያለው መዳፍ የርስዎ ነው።»

«የኔ?» አለ አንበሳ። መዳፉን ገልብጦ አየው። «ግድ የለሽም፣ ምሬሻለሁ።»

«እርስዎ ቢምሩኝ አያ ጅቦ አይምረኝም። ትናንት ሁለተኛ ክምር ጀምሯል።»

«አልምርም» አለ አያ ጅቦ። «ሕጉ የጠራ ይላል እንጂ ንጉሥ ፈቅዶለት የጠራ አይልም። ሥራዬን ልሥራበት።»

አንበሳ የገዛ ሕጉን ሕዝብ ፊት ማፍረስ አሳፈረው። ያን ጊዜ እመት አህዪት ቀስ ብላ ጨመረች፦

«እዚህ ካለነው ሁሉ አንድም ቀን ያልተያዘ አለ። ሕጉን የጻፈው ራሱ። እሱ ቢጠራት የመጀመሪያው ነው፤ ከሰልፉ ጭራ ቢቆም ነው። ምን ይጎዳዋል?»

ሁሉም ዞሮ ቀበሮን አየ። ቀበሮ ከሚዳቋ ኋላ ነበር፤ ሚዳቋ አንድ ርምጃ ገለል አለችለት።

«ቀበሮ፣ ተናገር» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ ንጋት ፕላስ የሚለውን ነው...»

አንበሳ ክራንቻውን አሳየው።

«ጠጠር» አለ ቀበሮ፣ ጉንዳን በማይሰማው ድምፅ።

«አንድ» አለ አያ ጅቦ።

«ምን አልክ?» አለ አንበሳ። «ጮክ በል።»

«ጠጠር ጌታዬ።»

«ሁለት» አለ አያ ጅቦ።

«ዝም በል አንተ ደደብ፣ እኔ እኮ ነኝ የሾምኩህ» አለ ቀበሮ በጥርሱ መካከል።

ከማዶ የጦጢት ድምፅ መጣ። «አልሰማሁም፤ ውኃው ይጮኻል። ማን አላችሁ?»

አንበሳ ቀበሮን ከወንዙ አፋፍ ላይ አቆመው። ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነና ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

«ጠጠር!»

«ሦስት» አለ አያ ጅቦ። ከንፈሩን ላሰ። «ሦስት አጥንት።»

«ጠጠር!» አለች ጦጢት። «እንዲህ አትሉኝም ታድያ።» አራተኛውን ቅል ከቅርንጫፉ ፈትታ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሐረጓን ይዛ ተወረወረች። አዞው አፉን ገጠመ፤ የያዘው ነፋስ ብቻ ነበር።

ጦጢት የኮምፒውተሯን ሆድ ከፈተች፣ የተበላውን ሽቦ አወጣች፣ ከቅሉ ሌላ አስገባች። ኮምፒውተሯ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ፤ እኔ ጠጠር ነኝ፤ ስማችሁን ንገሩኝ» አለች።

«ያዝኩሽ» አለና አያ ጅቦ ዘሎ ተከመረባት። «አንድ። ወደ ጭራ።» ከገንዳው ራስጌ ሊያነሣት ቢስባት ቢስባት ንቅንቅ አልል አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው አንበሳ ነው። ከዚያ ሚዳቋ፣ ከዚያ ከርከሮ። ከብዙ ቀን በኋላ አገሩ ድምፅ አወጣ።

«ሕጉ ከነገ ጀምሮ ቀርቷል» አለ አንበሳ ሳቁን ጨርሶ። «እስከ ዛሬ የተያዘ ግን ተይዟል። አያ ጅቦ፣ እሷን ልቀቃት።»

እመት አህዪት ወደ ገንዳው ቀረበች። «ጠጠር» አለች፤ ዓይኗን ወደ ጅብ መለስ አድርጋ ቶሎ አረመችና «ማለቴ፣ አንቺ፣ አህዪት ነኝ» አለች። እስከ ነገ ድረስ መጠንቀቅ አይከፋም። መዝጊያው ተከፈተ። ጠጣች፣ ጠጣች፣ ሆዷ እንደ እንስራ እስኪሞላ ጠጣች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውርንጭላዋ ጡቷ ሥር ገብታ ጭራዋን ስታወዛውዝ ታየች።

ቀበሮስ? ከመዝገብ ተፍቋል። በማግስቱ፣ ሕጉ ቀርቷልና፣ እንደ አዲስ ሊመዘገብ መጣ፤ ጭራውን ያን ቀን አላበጠረውም።

«ጠጠር፣ ክቡር ቀበሮ ነኝ» አላት።

«እንዲህ የሚባል አላውቅም» አለች ጠጠር።

«እኔ ነኝ እኮ፣ ክቡር...»

«አላውቅም። ቀጣይ።»

ኋላው የቆሙት መሳቅ ጀመሩ። ቀበሮ አንገቱን ደፋና «ቀበሮ» አለ።

«አሃ፣ ቀበሮ» አለች ጠጠር። «እንደዚያ አትለኝም። ተራህ ከቀንድ አውጣው ቀጥሎ ነው።»

ቀንድ አውጣው ያኔ ገና ጉብታውን መውጣት መጀመሩ ነበር። ከርከሮ ከጥላው ሥር ጋደም ብሎ፣ የቀበሮን ፊት እያየ፣ እስኪያረፍድ ድረስ ከዚያ አልተነሣም።

ከዚህ የምንማረው፣ ስም የሚኖረው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ዘወትር በሚጠሩት አፍ ውስጥ እንደ ሆነና፣ ለድግሱ ሲል የሌላውን አፍ የሚዘጋ ሹም አንድ ቀን ያንኑ ስም በገዛ አፉ ጮኾ እንደሚጠራ ነው።